ኪሎዬ አልወርድ ስላለ ከስፖርት አዳራሹ ለተባረርኩበት ውሳኔ የቀረበ ምስጋና

ለሆስፒታላችን የአስተዳደር ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ወገብዎ እንደምን እንደሰነበተ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ምድር ቤት ተቀምጬ የሐኪሞችን ጋዋን የምሰፋው፣ እርስዎ በስብሰባ መሃል «በርሜሏ» ብለው ስም ያወጡልኝ ሠራተኛዎ ነኝ።

ደብዳቤዬን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ባለፈው ሳምንት ኪሎዬን ከነስሜ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ሲለጥፉት፣ የሰው ገመና በአደባባይ እንደሚሰጣ ከእርስዎ ተምሬ ነው። ስለ ትምህርቱ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን እነሆ፦

1. የሠራተኞች ስፖርት አዳራሽ በር ላይ ሚዛን አቁመው «ኪሎው ያልቀነሰ ማንኛውም ካርድ ያዥ ካርዱ አይታደስም» የሚል ደንብ ማውጣትዎ ታላቅ ጥበብ ነው። ቀጫጮቹ ሳይመዘኑ ሲያልፉ አይቼ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ መመዘን ያለበት ሰው በዓይን ይታወቃል አለኝ።

2. ጉልበቴ አብጦ ከስፌት መኪናው የምነሳው ጠረጴዛ ተደግፌ ነበር። የውስጥ ደዌ ሐኪማችን እንዳስረዱኝ፣ ሆድ ውስጥ የተከማቸ ስብ አርፎ አይቀመጥም፤ ሰውነትን ከውስጥ የሚያስቆጣ ነገር ወደ ደም ይለቃል። እሳቸው ብግነት ይሉታል፤ ሲቆይ መገጣጠሚያንም ልብንም ይጎዳል። ጡንቻ ሲሠራ ደግሞ ይህን ቁጣ የሚያበርድ ነገር ያመነጫል፤ ስለዚህ አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው ኪሎው ንቅንቅ ባይል እንኳ ብግነቱ ሊቀንስለት ይችላል። እውነትም አዳራሹ መመላለስ ከጀመርኩ በኋላ ደሜ በራስዎ ላቦራቶሪ ሲመረመር ብግነቱ ቀንሶ ተገኘ፣ የጉልበቴም እብጠት ሟሸሸ። ውጤቱን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ሚዛን አይዋሽም ብለው ሸኙኝ። ሆስፒታል እየመሩ ከሐኪምና ከላቦራቶሪ ይልቅ የበር ሚዛን ማመንዎ፣ መቼም እንዲህ ያለ ትሕትና ከሌላ አለቃ አይጠበቅም።

3. ካርዴን ከነጠቁኝ ወዲህ ጉልበቴ ተመልሶ አብጧል። የመኪናውን ፔዳል መርገጥ ካቃተኝ እንጀራዬ አበቃ ማለት ነው። እዚህ ላይ ትሕትናዬን ትንሽ ላስቀምጠውና፣ አንጀቴ አርሯል፤ ቂምም ይዣለሁ።

ቂም የያዘ ሰው ደግሞ ሥራ አይፈታም። ደንብዎን ቁጭ ብዬ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። «ማንኛውም ካርድ ያዥ» ይላል እንጂ ወፍራም ስፌተኛ አይልም። የአዳራሹ የመጀመሪያ ካርድ ደግሞ ሪባን የቆረጡ ዕለት እያጨበጨብን የሰጠንዎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሚዛኑ ላይ ወጥተው አያውቁም። ይህንኑ ለስፖርት ኮሚቴው አመለከትኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የልብስ እጥበት ክፍላችን እቴቴ፣ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው በዚህ ውሳኔ ላይ ፈርመዋል፦ ወይ ሚዛኑ ከበሩ ይነሳና የተባረርነው ሁሉ ካርዳችን ይመለስልናል፤ ወይ ሰኞ ጠዋት ምዘናው ከእርስዎ ይጀምራል፤ ኪሎዎም ከነስምዎ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ቦታውን ከአሁኑ ጠርጌልዎታለሁ።

እስከዚያው ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ጉልበትና ደንብ ሲያወጡ ጫፉ ማን ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያይ ዓይን እየተመኘሁልዎ፣

ውለታዎን እስከ መቃብር የማልረሳ፣
ከምድር ቤት ስፌት ክፍል በርሜሏ

ግልባጭ፦ ለበሩ ሚዛን

ማሳሰቢያ፦ ወገቡ ይስፋልኝ ብለው በጸሐፊዎ በኩል በፌስታል ጠቅልለው የላኩት ግራጫ ሱሪ ደርሶኛል። ከዚህ በፊት በየጊዜው ሳሰፋልዎ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም ነበር። አሁን ግን ከስፌቱ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ስላለቀበት፣ ሰኞ ለሚዛኑ እንዲለብሱት እንዳለ ተኩሼ መልሼልዎታለሁ።