የእሁዱ ጨው

ሶዶ ላሉት እማማ፣ ከሐዋሳ

የጌታ ሰላም ከእርስዎና ከቤትዎ ጋር ይሁን። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት ደረጃ መውጣት እምቢ ብሎኛል ሲሉ ስለነበር አሁንም ያሳስበኛል። ብርዱ ቀለል ካለ ይሻልዎት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አብረውዎት የሚጸልዩትን እናቶች ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። እኛም ደህና ነን። እንደ ደንቡ «ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩ እንጂ እንዴት እንደሆንን ከዚህ በታች ያገኙታል። ደብዳቤውን ለዘመድ ሠርግ ወደ እናንተ የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬ ያደርስልዎታል።

እማማ፣ ልጅዎ ወንጌላዊት ቤቷን ጥላ ስትመጣ ምን ብላ እንደነገረችዎት አላውቅም። «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» ብላዎት ይሆናል። ገመና ሸፋኝ መሆኗን አውቃለሁ። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ በስልክ «ደህና፣ ደህና» እያልኩ ስዘጋብዎት ስለከረምኩ፣ ዛሬ ነገሩን ከእኔ ከራሴ ይስሙት።

በመስከረም መጨረሻ ታይፎይድ ይዟት ተኛች። ሦስት ቀን እኔና ልጆቹ ዳቦ በሻይ ስንል ሰነበትን። በአራተኛው ቀን ከቢሮ ለምሳ መጣሁ። ኢየሩስና ካሌብ ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሳሎን ቁጭ ብለዋል። እንጀራ አለ፣ ሽሮ በጣሳ ሙሉ አለ፣ ሽንኩርቱም ዘይቱም አለ። ያደረግኩትን ልንገርዎት? የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጌ «ወንጌል፣ ዛሬ ምን እንብላ?» አልኳት። በላብ ተጠምቃ ነበር። ተነሳች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፋ ወጥ ቤት ገባች፣ ሽሮውን ሠርታ አቀረበችልን። በላን። እሷ ትብላ አትብላ የጠየቀ የለም። እኔ እንዲያውም «በሽታም እጅሽን አልቀየረውም» ብዬ ያመሰገንኳት መስሎኝ ነበር።

ሲሻላት ልብሷን ሸከፈች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስድስት ጤነኛ እጅ ተቀምጦ የእኔን የታመመ እጅ ጠበቀ አለችኝ። እኔ ሳልኖር በዚህ ቤት በወጉ ወጥ ተሠርቶ ሲበላ የሰማሁ ቀን እመለሳለሁ አለች። ልጆቹን ትምህርታቸው እንዳይቋረጥ ትታቸው፣ የስፌት መኪናዋን አስጭና ወደ እርስዎ መጣች። የሁለት ሳምንት ነገር አለመሆኑ የገባኝ የስፌት መኪናው ሲጫን ነው።

እንግዲህ ልጆቹን ወጥ ማስተማር የእኔ ሥራ ሆነ። ይሳቁብኝ እማማ፣ ሻይ ሳፈላ እንኳ የሚገነፍልብኝ ሰው ነኝ። የቢሯችን ጥበቃ ሸዋንግዛው ብቻውን የሚኖር፣ ምሳውን ራሱ ሠርቶ በሳህን ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ነው። ሁለት ቀን በአጠገቡ ስመላለስ ከዋልኩ በኋላ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ፤ ከዚያ በትዕግሥት ነገረኝ። እኔም በተበላሸ የተማሪዎች ምዝገባ ቅጽ ጀርባ ላይ ተራ ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩት። አንደኛ፣ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ይቁላላ። ሁለተኛ፣ የራሱን ውሃ እስኪጨርስ እጅ ከማማሰያው አይነሳ። ዘይቱ አራተኛ ላይ ነው የሚመጣው። ቅጹን የወጥ ቤቱ በር ላይ ለጠፍኩት፤ እስካሁን አለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አይወሩም። ሸዋንግዛው «ውሃ ጠብ አድርግበት» ያለኝን እኔ አንድ ጆግ ገለበጥኩበትና ሽሮው ቀጠነ፤ ላወፍረው ዱቄት ብጨምርበት ጓጎለ። ካሌብ ጉብታዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ በሳህኑ ዳር ደረደራቸው። ምስሩን ሳንለቅመው ቀቀልነውና ጠጠሩ ጥርሴን ሰበረኝ። አንድ ቅዳሜ ከሐይቅ ዳር አሳ ገዝቼ መጣሁ። ሦስታችንም ከበን ቆመን አየነው፤ ማን እንደሚጀምር ስንጠባበቅ ቆየንና ለጎረቤት ሰጠነው።

ልጅ ግን ቶሎ ይለምዳል። ኅዳር ላይ የኢየሩስ ሽሮ ያለ ጉብታ ወጣ። የገና ሰሞን የሠራችው ምስር ወጥ፣ ለእናቷ እንዳይነገርብኝ እንጂ፣ ሁለት ጊዜ አስጨምሮኛል። አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው። ካሌብ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ ሽንኩርት ይልጣል፣ ያማስላል፣ ቁሌቱ መድረሱን በር ላይ ቆሞ በማሽተት ብቻ ይለያል። እኔም ብሆን አሁን ሽሮ አያቅተኝም።

ይህን ሳይ እንግዲህ ቃሏን ትፈጽማለች ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ። አንድ ቀን ከወንድሜ ጋር በስልክ ስናወራ፣ ልጆቹ ይህን ያህል ከቻሉማ ምን ሊያመጣት ነው አልኩት። በቀልድ ነው ያልኩት። ካሌብ ከኋላዬ ወለሉ ላይ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ወጡ ይበላሽ ጀመር። ሰኞ ደህና ነው፣ ማክሰኞ ደህና ነው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚቀርበው ወጥ ግን ጨው በጨው ሆኖ አፍ አይገባም። ወንጌላዊት ደግሞ ለልጆቹ የምትደውለው እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። በኢየሩስ ስልክ ትደውላለች፣ ከሁለቱም ጋር ታወራለች፤ እኔን አትጠይቅም፣ እኔም ስልኩን ስጡኝ አልልም። የወጡን ነገር ኢየሩስ ላይ ፈረድኩ። ሐሳብሽ የት ነው ብዬ ተቆጣኋት። እኔ አይደለሁም ብላ እያለቀሰች ብትነግረኝ አላመንኳትም። በሦስተኛው እሁድ አንድ እፍኝ ጨው ይዞ ድስቱ አጠገብ ቆሞ ያገኘሁት ካሌብን ነው።

አልመታሁትም። አስቀምጬ ጠየቅኩት። እማዬ ስትደውል ምን በላችሁ፣ ጣፈጣችሁ ወይ ትለኛለች አለኝ። ጣፈጠን ካልኳት መቻላችንን ታውቃለች፤ ከቻልን ደግሞ ምን ሊያመጣት ነው አለኝ። የራሴን ቃል ነው የመለሰልኝ። እኔም ጅሉ፣ ታዲያ ወጡን ከምታበላሽ ዝም ብለህ አልጣፈጠንም አትላትም ነበር አልኩት። ዓይኑን አፍጦ አየኝ። ውሸት እኮ ኃጢአት ነው አለኝ።

ይታይዎት እማማ፤ ለእናቱ እንዳይዋሽ ብሎ ወጡን ከምሩ ያበላሸዋል። ያንን ጨው እሱም አብሮን ይበላዋል። ኢየሩስን ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷ ግን ነገሩን ከእኔ በፊት ደርሳበት ኖሮ፣ ተወው አባ፣ ትንሽ ልጅ ነው አለችኝ። ሁለቱን እሁድ ለእሱ የሚገባውን ቁጣ ተሸክማለታለች።

ባለፈው እሁድ አላስቆምኩትም። ጨዉን ሲጨምር አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። አባት እንዲህ ያደርጋል ወይ ይሉኝ ይሆናል፤ ምናልባት ልጁ ከእኔ የተሻለ ያውቅ ይሆናል ብዬ ነው። ሦስታችንም ውሃ እየጠጣን ጥቂት ጥቂት ጎረስን። ስልኩ ጮኸ። ካሌብ ወጡ ጨው በዝቶበት ሊበላ እንዳልቻለ፣ እሁድ እሁድ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ነገራት። ድምፅዋ ወደ ውጭ ይሰማ ነበርና እኔም ሰማሁ።

አልደነገጠችም። ሳቅ አለችና፣ አንድ ድንች ላጡና ክተቱበት፣ ድንቹ ጨዉን ይመጠዋል አለችው። ከፈላ በኋላ ቅመሰው፣ ካልቀነሰ ሙቅ ውሃ ጨምርበት፣ ቀዝቃዛ እንዳይሆን አለችው። ደግማ ደጋግማ፣ በዚያ በሚያውቁት ለስላሳ አነጋገሯ አስረዳችው። ጎበዝ የእኔ ልጅ፣ አይዞህ፣ ትለምደዋለህ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ካሌብ ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ። ታዛዥ ልጅ ነው፤ ድንቹን ልጦ፣ አጥቦ፣ ድስቱ ውስጥ ከተተና በርጩማ ስቦ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሲፈላ ቀመሰው። እኔንም አስቀመሰኝ። ጨዉ ቀንሷል፣ ወጡ ይበላል። ማንኪያውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረና፣ «አባ፣ ድንች የማያስተካክለው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔ አላውቅም እማማ። እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ። ልጆቹ ችለዋል፣ እንግዲህ ቃሏን ታክብር ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ካሌብ እንዳልጽፍ ለምኖኝ እሺ ብዬዋለሁ፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ችለናል ብንል አታስፈልጊንም ያልናት ይመስላታል። አልቻልንም ብንል የምታበስልልን ሰው ፈልገን ይመስላታል። እዚያ የዩኒፎርም ስፌት ደንበኛ ማፍራቷንም ሰምቻለሁ፤ ጌታ ይባርክላት፣ ከልቤ ነው። ና ብላ ብትጠራኝ እኔው እመጣ ነበር፤ ሳትጠራኝ ደጃችሁ ላይ ልቆም ግን አፈርኩ። እኔ ወጥ አጥቼ አይደለም እማማ፤ ኢየሩስ ትናንት የሠራችው ዛሬም አለ። ወንጌላዊት ስትደክም እሷን አስተኝቼ፣ ሽሮውን ራሴ ሠርቼ፣ በሳህን ይዤላት መግባት ነው የምፈልገው። እሷ ከሌለች ይህን ለማን አደርገዋለሁ?

ጌታ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎት፣ ቤትዎን በሰላም ይሙላ። ልጆቹ እጅዎን ይስማሉ።

ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ የሚያነብልዎ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ከጠፋ፣ እማማ፣ እባክዎን አያጣድፏት።

እስካሁን ልጅዎ የሆንኩ፣
የኢየሩስና የካሌብ አባት