የግራው ካምቢዮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

እዚህ ብጽፈው ማንም አያየውም… የእናቴን ባል እስካሁን ጠርቼው አላውቅም። በስሙም፣ በሌላም። ከተጋቡ ክረምቱ አልፏል።

ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። አባዬ አልለውም፤ አባዬ አንድ ነበር፣ ሞቷል። ጋራዥ ያሉት «ሮንዴላ» ይሉታል፣ ከብሎን ሥር እንደምትገባው ቀጭን ቀለበት፤ ሁለት ሰው ሲጣላ ሁሌ መሀል ስለሚገባ። እኔ እንደዚያ ብለው እናቴ ምላሴን ትቆርጠዋለች። «አንተ» ልበለው «እርስዎ»? እሱንም አልወሰንኩም። ስለዚህ ዝም።

ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ ቤት ነበርኩ። ወደ ጋራዡ የላከችኝ እናቴ ናት። «እንደ ቁምሳጥን ጥግ ይዘሽ ከምትውዪ፣ ሂጂና ቁልፍ አቀብዪ።» ይኸው ቁልፍ አቀብላለሁ። ብሎን በየመጠኑ እለያለሁ። ግራሶ የነካውን ሁሉ በናፍጣ አጥባለሁ። ሥራው አይከፋም። ብረት አያወራም።

የሚከብደኝ ሰው መጥቶ «እስኪ ጥሪልኝ» ሲል ነው። ምን ብዬ? እዞርና ፊት ለፊቱ እቆማለሁ። እስኪያየኝ እጠብቃለሁ። ዛሬም እንደዚያው ቆምኩ። ከሥራው ቀና እንኳ ሳይል «አቤት» አለ።

ሳልጠራው… አቤት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የሳር ማጨጃዋ ተሰብራ መጣች። ትራክተር ከኋላው አስሮ የሚጎትታት፣ ከሥሯ ሁለት ረጃጅም ስለት ያላት። አምና የእናቴ ባል ራሱ ነው የሠራት፣ የፍራፍሬ እርሻ ላላት ሴትዮ፣ በዛፎቿ መሀል የሚበቅለውን ሳር እንድታሳጭድባት። የትራክተሩ ሹፌር ጉቶ ላይ አወጣት።

«ያ ጉቶ ትናንት አልነበረም!» ይላል ሹፌሩ።

«አዎ፣ ሌሊቱን በቅሎ አደረ» አለው እሱ።

የግራውን ካምቢዮ፣ የጥርሶቹን ሳጥን፣ ሲከፍተው ዘይቱ ውስጥ ስብርባሪ ብቻ። አንድም ደህና ጥርስ አልተረፈውም። «አጎቴን መሰለ» አለ ሹፌሩ። አፌን በእጄ ይዤ ሳቅኩ።

ሦስት ካምቢዮ ነው ያላት። የመሀሉ ከትራክተሩ የሚመጣውን ጉልበት ለሁለት ይከፍለዋል። የቀኙና የግራው ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ ስለት ያዞራሉ። ዛሬ ነው ያወቅኩት። እሱ ነገረኝ። ሳልጠይቀው።

«ስለቶቹ መሀል ላይ በአንድ መዳፍ ያህል ይደራረባሉ» አለ። «ካልተደራረቡ መሀል ላይ የሳር መስመር ይቀራል፣ ፀጉር አስተካካይ የረሳው ይመስል። ከተደራረቡ ደግሞ አንዱ ሲመጣ ሌላው ዞር ማለት አለበት።» ሁለት እጁን ዘረጋ፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን አግድም፣ አሽከረከራቸው። አልተነካኩም። «አሁን ግራው ትንሽ ቢዘገይስ?» ግራ እጁን አዘገየ። ጣቶቹ ተጋጩ። «ብረት ሲሆን ይሄ ጥይት ነው።»

ስለዚህ የሚተካው ካምቢዮ ጠንካራ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ከቀኙ ጋር እኩል መሄድ አለበት።

የቀኙን መግቢያ ዘንግ አስር ጊዜ አዞረው። እኔ ስለቱ በሚታሰርበት ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩ። አስር ሲያዞር አስራ አምስት፣ ልክ። «ጎሽ» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ምናለ «እሺ» እንኳ ብል? ለምንድነው እንዲህ የሆንኩት…


ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሴትዮዋ ደወለች። ሳሩ ሳይደርቅ መታጨድ አለበት፣ ከደረቀ አንድ ክብሪት ይበቃዋል አለች። ዞሬ ፊቱ ቆምኩ። «አቤት።»


ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቆራሌው ጋ ሄድን፣ አሮጌ ብረት የሚሸጠው። ግቢው የመኪና መቃብር ነው። በር ብቻ ተደርድሮ ግድግዳ ሆኗል፣ ድመት መሪ ላይ ተኝታለች። አንድ ጥግ ላይ ከሳር ማጨጃ የወጡ ሁለት ካምቢዮዎች አገኘን።

አንዱ ትንሽ። ዘይት ያንጠባጥባል፣ ኩሽኔታው ሲዞር ያጉረመርማል። ሌላው ትልቅ፣ ቀለሙ እንኳ ያልለቀቀ። ቆራሌው ትልቁን እንደ በሬ በጥፊ መታው።

«ይሄን ውሰድ። ተራራ ያዞርልሃል።»

«ተራራ አላጭድም» አለ እሱ። ግን ዓይኑ ከትልቁ አልተነሳም። አይቼዋለሁ።

ብዙ ነገር አየ። የዘንጉን ውፍረት ለካ፣ ወዴት እንደሚዞር አረጋገጠ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በካርቶን ቀድዶ ካመጣው ልኬት ጋር አስተያየ። የትራክተሩን ጉልበት ሁለቱም ይችሉታል አለ። የቀረው ቆጠራ። ትንሹን አስር ጊዜ አዞረው፣ አስራ አምስት ቆጠርኩ። እዚህ ላይ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ትልቁ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት… ቆራሌው «ልጅህ ናት?» አለው።

ጆሮዬ ሄደ። ዓይኔ ዘንጉ ላይ ነው፣ የጠመኔው ምልክት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ግን እኔ እዚያ አልነበርኩም። ምን ይላል? አዎ ካለ ምን ይሰማኛል? አይደለችም ካለስ? እጁ ብቻ ያዞራል።

«እየቆጠረች ነው፣ አታስታት» አለ በመጨረሻ።

መልስ ነው ይሄ?

ማዞሩን አቆመ። «አስር። ስንት መጣ?»

ሁለቱም ያዩኛል። ጠመኔው የት እንዳቆመ እንኳ ልብ አላልኩም። «አስራ አምስት» አልኩ።

አስራ አምስት መሆን ስለነበረበት።

«እኩል ከሆኑማ ትልቁ ይሻለናል» አለ። ትልቁን ጭነን መጣን።


አርብ፣ ጥቅምት 8

ገጠመው። ስለቶቹን አንዱን ቀጥ አንዱን አግድም አድርጎ አሰራቸው። ሁለት ሦስቴ በእጁ አዞረ። አልተነካኩም።

«አየሽ? ተስማሙ።»

ደስ ብሎታል። ደስ ሲለው ያፏጫል፣ ዜማ የሌለው ፉጨት። ትንሽ ጨምሮ ቢያዞር ምናለ? ግን ለምን ያዞራል? ቆጥሬለት የለ?

ምናልባት እውነትም አስራ አምስት ነው። ሰው ሳያውቀው ይቆጥራል? ይቆጥር ይሆናል። እስትንፋስን ማን ያስተውላል…

ሰኞ በትራክተሩ ትሞከራለች። ሹፌሩ «እስክታስነጥሺ አስር ጊዜ ትዞራለች» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅኩም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ሁለት ጊዜ ፊቱ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ «አቤት» አለ። ሁለት ጊዜ «ምንም» አልኩ።


እሑድ፣ ጥቅምት 10

ሳህን ስናጥብ እናቴ ጀመረችኝ።

«ሰውዬው ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ? አንድ ቀን እንኳ ጠርተሽው አታውቂም። የበሩ ደወል እንኳ ካንቺ ይሻላል፣ ሲነኩት ይጮሃል።»

አልጠላውም። እንዴት ብዬ ላስረዳት? አባዬ ሲሞት አንድ ቃል ይዞ የሄደ ይመስለኛል። ያ ቃል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው፣ ሌላ ነገር ላስቀምጥበት ስል ይጨንቀኛል። ይሄን ለእናቴ ብነግራት ታለቅሳለች። ስለዚህ ሳህኑን አብዝቼ አጠብኩት። «ይበቃዋል፣ አበባው ለቀቀ» አለችኝ።

እሱ ጓሮ የውሃውን ቧንቧ ይጠግን ነበር። ሰምቷል መሰለኝ። መዶሻው ቆሞ ነበር።

ነገ ጠዋት፣ ገና ስንደርስ እነግረዋለሁ። ይቆጣል። ምናልባት «የራሴ ልጅ ብትሆን ኖሮ» ይላል። ይበል። ነገ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 11

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ባይነበብም ለማንም ብዬ አይደለም።

ጠዋት አልነገርኩትም። ጋራዡ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ፣ አፌ እምቢ አለኝ። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ማጨጃዋ የብረት እግሮች ላይ ከፍ ብላ ቆማለች። የመግቢያውን ዘንግ በቱቦ ቁልፍ ይዤ አዞርኩ። አንድ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። ደህና ናቸው። አምስት። ግራው ትንሽ ወደኋላ ቀርቷል… ወይስ ዓይኔ ነው? አስር። ዓይኔ አይደለም። አንዱ ቀጥ አንዱ አግድም የነበሩት ስለቶች ጎን ለጎን ሊሆኑ ትንሽ ቀርቷቸዋል። በየዙሩ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ይዘገያል። ለዚህ ነው ሁለት ሦስቴ ሲያዞሩት የማይታየው። ሌላ ትንሽ አዞርኩ። ቀጭ አለ። ትንሽ ድምፅ። በእጅ ስለሆነ።

በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲመጣ ግን ብቻውን አልነበረም። ሹፌሩ፣ በያጁ፣ ሌሎቹም፣ እየተሳሳቁ። ሙከራውን ሊያዩ። እኔን አልፈው ገቡ። ትራክተሩ ወደኋላ ተጠጋ፣ ዘንጉ ተገጠመ፣ እግሮቹ ተነሱ። ሹፌሩ ወጥቶ ተቀመጠ። እሱ በማዶ በኩል ጎንበስ ብሎ ብሎን ይነካካል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ዞሬ ፊቱ እስክቆም ሹፌሩ ሞተሩን ያስነሳዋል። መጥራት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

ምን ብዬ?

ሄጄ ማጨጃዋ ላይ ወጣሁና ተቀመጥኩ።

«እመቤቴ፣ ይሄ ታክሲ አይደለም!» አለ ሹፌሩ። «ውረጂ!»

«ሂሳብ አልከፈልሽም በላት!» አለ በያጁ። ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ነደደ። አልወረድኩም። ላሜራውን በሁለት እጄ ያዝኩት።

እሱ ቀና አለ። አልሳቀም።

«አቤት» አለ።

«አልቆጠርኩም።»

«ምኑን?»

«ትልቁን። ቆራሌው ሲያወራ… ጠፋብኝ። አስራ አምስት ያልኩት ከራሴ ነው። አሁን አዞርኩት፣ ይጋጫሉ።»

በሰው ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ሹፌሩን «ቁልፉን አውጥተህ ስጠኝ» አለው። ኪሱ ውስጥ ከተተው። ማጨጃዋን እንደገና አነሷት፣ ዘንጉን ፈታው፣ በእጁ አዞረ። ዞሮ ዞሮ… ቀጭ። ሁላችንም ሰማን። ሹፌሩ ወንበሩን ዞር ብሎ አየው። ከስለቶቹ ብዙም አይርቅም።

እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ቁጣ እየጠበቅኩ ቆሜያለሁ።

«እኔም አላዞርኩም» አለ።

አልገባኝም።

«አስር ጊዜ ያልኩሽን። ያ ሰውዬ ልጅህ ናት ወይ ሲለኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ። አዎ ብል፣ አንቺ ምን ትያለሽ? አይደለችም ማለትን ደግሞ አፌ እንዴት ይበለው? ያን ሳወጣ ሳወርድ ስንት እንዳዞርኩ አላውቅም። ዘጠኝም ይሆናል፣ አስራ ሁለትም። አስራ አምስት ስትዪ ተመስገን ብዬ ዝም አልኩ።»

«እና… ብቆጥርም ኖሮ…»

«ብትቆጥሪም ኖሮ ከንቱ ነበር።»

ተያየን። እሱ ቀድሞ ሳቀ። ሁለት ሰው አንድ ካምቢዮ መቁጠር አቅቶት! እኔም ሳቅኩ፣ አፌን ሳልይዝ። ከዚያ ሳቁ ሲያልቅ ድንገት ማልቀስ አማረኝ፣ እሱ ግን ሆን ብሎ ወደ ማጨጃዋ ዞረልኝ። ለብሎኑ የሚያወራ መስሎ እንዲህ አለ፦

«አባትሽ ቦታው ላይ ነው። ማንም አይነካውም። እኔን ደስ ያለሽን በይኝ። ሮንዴላም ቢሆን። ብቻ ስትፈልጊኝ ማሽን ላይ አትውጪ፣ ነፍሴ ትወጣለች።»

ማታ ራት ላይ ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ጨው» አልኩ። ድምፄ ከጨዉ አይበልጥም ነበር። አልሰማም! ሳልጠራው አቤት የሚል ሰው፣ ስጠራው አልሰማም። እናቴ ግን ሰምታለች። ማንኪያዋ በሳህኑና በአፏ መሀል ቀረ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ጨዉን ራሷ አቀበለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ነገር ይመስል።

ነገ ቆራሌው ጋ እንመለሳለን፣ ትልቁን መልሰን ትንሹን ልናመጣ። ያጉረመርም እንጂ ኩሽኔታውን እኛው እንቀይርለታለን። ቆራሌው መቼም «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ግቢውን በጩኸት ይሞላዋል። ከማምጣታችን በፊት ግን እዚያው እንደገና እንቆጥረዋለን። እኔ አዞራለሁ፣ እሱ ይቆጥራል፣ ተስማምተናል። ልጅህ ናት ወይ የሚል ካለም ይበል። እኔ ማዞሬን አላቆምም።

ከመጀመሬ በፊት ግን ዞሬ ፊቱ አልቆምም። ካለሁበት ሆኜ፣ ዘንጉን እንደያዝኩ፣ «ጋሼ፣ ልጀምር?» እለዋለሁ። ጮክ ብዬ። በሩ ላይ የቆመ እንኳ እንዲሰማ።