የእናታችን ዓይን

ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ ለኒታይ፣

እንዴት ነህ? እንዴት ሰነበትክ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ ወይስ የፋብሪካው የጨርቅ ብናኝ አሁንም ደረትህን እንደያዘህ ነው? አንተ ያለህበት ሱራት ብርድ የለም ይላሉ፤ እዚህ ግን ጉሙ ከኩሬው ላይ እስከ ረፋድ አይነሳም። እኔ በአካል ደህና ነኝ። አባባ ደህና ናቸው ብዬ ግን ልዋሽህ እጄ እሺ አላለኝም።

እማማን ካጣን ወዲህ እህል በግድ ነው የሚቀምሱት። በቀደም ምስሏን ሊሠሩ ሲቀመጡ ደስ አለኝ። ሳሪዋን በእርድ፣ ጠርዙን በአደንጓሬ ቅጠል ጭማቂ፣ ጸጉሯን በኩራዝ ጥቀርሻ ቀቡት። ቀለሙን የሚያጣብቀውን፣ ቤል ከሚባለው ፍሬ የሚገኘውን ሙጫ እንኳ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ቁርጥ እሷን! ጎበጥ ያለ ትከሻዋ ሳይቀር። ዓይኗን ብቻ ባዶ ተዉት።

የሳንታል ጎሳዋ ጎረቤታችን ሱርጂ መጥታ አየችና፣ "አንተ ሽማግሌ! ባሌ የሞተ ጊዜ እንባዬ ሳይደርቅ ዓይኑ ያልተሳለ ምስሉን ይዘህ ደጄ ላይ ተገተርክ። 'ባልሽ በወዲያኛው ዓለም ዓይኑ ጠፍቶ እየተደናበረ ነው፤ ምን ሰጥተሽኝ ላብራለት?' ብለህ የናስ ሳህኔን ተቀብለህ፣ ዓይኑን ስለህ ሄድክ። ዛሬ በራስህ ሲመጣ ምነው ብሩሹ ከበደህ?" አለቻቸው። ልታስቃቸው ብላ ነው። እሳቸው ግን "ሰጪም እኔ፣ ተቀባይም እኔ? እንዲህ ያለ ዓይን ምን ያሳያታል?" አሉ። "ታዲያ ሙያውን ያስተማርከውን ልጅህን ጥራው" ብትላቸው፣ "እሱማ ሥራችሁ ልመና ነው ብሎኝ ሄዷል" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በመንደሩ ከካርቲክ በቀር ሠዓሊ አልቀረም። እሱ ደግሞ የሱቅ ቀለም ነው የሚቀባው፤ አባባ "በዚያ የጠርሙስ ቀለም አይነካትም" ብለዋል።

ኒታይዬ፣ አሁን የውሃውን እንስራ ከበሩ ላይ ያነሳሉ፤ "እናትሽ እንዳትደናቀፍ" ይላሉ። በርጩማ መተላለፊያ ላይ ከረሳሁ ይቆጡኛል። አንተ በዚህ ነገር አታምንም፤ እኔም እንጃ። እሳቸው ግን ያምናሉ፣ አቅማቸውም እያለቀ ነው።

ና ብዬ ብጽፍልህ "አለቃዬ ፈቃድ ከለከለኝ" አልክ። ስለዚህ ምስሏን ሳያዩኝ ከሳጥኑ አውጥቼ እዚህ ውስጥ አጥፌልሃለሁ። እጥፋቱ ፊቷ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቄያለሁ። ፈልገው ሲያጡት ምን እንደምላቸው አላውቅም። ጥቀርሻውንም በሙጫ ለውሼ፣ አድርቄ፣ በቅጠል ጠቅልዬዋለሁ፤ ጠብታ ውሃ ይበቃዋል። ሰጪዋ እኔ ነኝ፤ የእማማ የናስ ጽዋ ያንተ ነው። እንግዲህ ልመና አትበለኝ፣ ደንብ ነው። ዓይኗ ውስጥ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ አድርግና ቶሎ መልስልኝ።

ባለቤቴ ሆሪ ሰላም ብሎሃል። ልጄ ቱክቱኪ "ጥርሴ መውለቁን ለአጎቴ ንገሪልኝ" ብላለች። ሱርጂ "ያ ቀጫጫ አገባ ወይ?" ትላለች። አባባ ሰላምታ አላኩም፤ መጻፌን አያውቁም።

ምስሉን ከመዘርጋትህ በፊት ግን ስምህን ጠርተህ አንተ መሆንህን ንገራት። ማን እንደያዛት አታይምና።

እህትህ ፓርቦቲ
ዱምካ፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1991