ስብሰባ ላይ ያቀለጥኩት እልልታ

ጄኔቫ፣ ግንቦት 1990

ጀነትዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ዛሬ የቅጂ መብት ስብሰባው ላይ ጉድ ሠራሁ! የሚኒስቴራችን ተወካይ አቶ ገብረኪዳን ተነሥተው፣ «መንግሥታችን የሙዚቃ ቅጂ መብት ሕጉ እንዲጸድቅ ይደግፋል» ሲሉ፣ ሳላስበው እልልታዬን አቀለጥኩት። እኛ ጋ ቢሆን አዳራሹ አብሮኝ እልል ይል ነበር፤ እዚህ ግን ረጭ አለ። የፈረንሳይኛዋ አስተርጓሚ እንኳ እልልታውን እንዴት እንደምትተረጉመው ግራ ገባት። አቶ ገብረኪዳን ፈገግ ብለው፣ «የዘፈን ግጥም ደራሲያችን ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስማቸው ካሴት ላይ ሳይጻፍ ኖረዋል» አሉ። ይኼኔ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ!

ሕጉ ገና በምክር ቤት ማለፍ ቢቀረውም፣ ከደስታዬ ብዛት ትራም ላይ መውረጃዬን አልፌ ፕላንፓሌ የሚባል ሌላ ሰፈር ደረስኩልሽ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። ለሀምዱ ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። አንቺ ዜማውን አስቢ፣ እኔ አዲስ ግጥም ጀምሬያለሁ!

ሀጅራ