የጀውሃው መርፌ

ሚያዝያ 21
ዛሬ ቃል የተቀበልኩት ስለ ፍየል ነው። የጎረቤቱን ፓፓያ በላች ተብላ ጣቢያ ድረስ ተጎትታ መጣች። መርማሪ ከሆንኩ ሁለት ወሬ፣ የመጀመሪያ ተጠርጣሪዬ ፍየል! ሮቢት ከተማ ደግሞ እንደ ምድጃ ነው... ወረቀቱ ክንዴ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ለእማዬ ስነግራት ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሚያዝያ 23
ከሮቢት ወጣ ብሎ ጀውሃ ላይ አንድ የነዳጅ ቦቴ ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሁለት ወር ውስጥ ሦስተኛው ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ፣ የአጣዬው ያሕያና አንድ የአዋሽ ሰው፣ «ሙቀት ነው» ተብለው ተቀብረዋል። የዛሬውን የመረመረው ሐኪም ግን ዳሌው ላይ የመርፌ ቀዳዳ አየ።
አለቃዬ ኢንስፔክተር ዓይናለም መዝገቡን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።
«ናጅዋ፣ ትችያለሽ?»
«እችላለሁ!»
ጮኼ መሰለኝ፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ዞሮ አየኝ። ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። ሰው ሞቶ እኔ እፈነጥዛለሁ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ? አስተግፊሩላህ።

ሚያዝያ 26
ኢንስፔክተር ሐሳቤን ተቀበሉት! ጀውሃ፣ ሾፌሮቹ የሚያርፉበት ምግብ ቤት፣ ሻይ ሻጭ ሆኜ እገባለሁ። ማንነቴን የምታውቀው ባለቤቷ እትዬ ሙሀባ ብቻ ናት።
«ሻይ ማፍላት ግን ትችያለሽ?» አለችኝ።
«በጣም!» ዋሸሁ።

ሚያዝያ 28
«ይሄ ሻይ ነው የጎማ እጣቢ?» አለኝ አንዱ ሲሚንቶ የጫነ ሾፌር። ሰባት ብርጭቆ ተመለሰብኝ። እትዬ ሙሀባ ጓዳ ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ ስትንፈቀፈቅ አየኋት።

ሚያዝያ 29
ስኳር ረሳሁ። የሁሉንም።

ግንቦት 2
አገኘሁት? ጋሼ ሀይሉ የሚባሉ ጡረተኛ የከብት ሐኪም አሉ። ጥቁር ቦርሳ ይዘው ይመጣሉ፤ ወገቡን ያመመውን ሾፌር በነፃ መርፌ ይወጋሉ። መርፌ! ትሪው ከእጄ ሊወድቅ ነበር።
ግን... ሲሚንቶ ጫኙ ሁለቴ ተወግቷል፣ ይኸው እንደ በሬ ጤነኛ ነው። «ጋሼ ባይኖሩ ወገቤ አልቆ ነበር» ይላል። ማሾ የጫነውም፣ ሽንኩርት የጫነውም ይመርቋቸዋል። ሻዬን እስከ መጨረሻው የሚጠጡትም እሳቸው ብቻ ናቸው። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።» እንዲህ ያለ ሰው ይገድላል?
ለኢንስፔክተር ደወልኩ። «መጠርጠር ለማንም ቀላል ነው። ማስረጃ ይዘሽ ነይ። ደግሞ ከዓይንሽ እንዳይጠፉ» አሉኝ።

ግንቦት 4
ጋሼ ሀይሉ መርፌ ከማውጣታቸው በፊት ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። «ምን ጭነህ ነው?» ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሲሚንቶ፣ ማሾ፣ ሽንኩርት... የዳኑት። የሞቱት ሦስቱ ግን በሙሉ ቦቴ ነጂዎች!
ሽንኩርት ስንልጥ እትዬ ሙሀባን ጠየቅኳት፣ ጋሼ ሀይሉ ቤተሰብ አላቸው?
«ታናሽ ወንድም ነበራቸው። አምና መንገዱ ላይ ቦቴ ገጭቶት ሳይቆም ሄደ። አልተያዘም።»
ዘልዬ ጉንጯን ሳምኳት። «ምን ነካሽ አንቺ ልጅ!» አለች፣ ቢላዋው በእጇ።

ግንቦት 6
የዛሬውን ሳልረሳ ልጻፈው።
ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት ሲበሳ፣ አብዱረሂም የሚባል ሾፌር ቦቴውን ኒም ዛፉ ሥር አቆመ። ወገቡን ይዞ ወረደ። ጋሼ ሀይሉ ብድግ አሉ።
«ምን ጭነህ ነው?»
«ቤንዚን፣ ጋሼ።»
ተያይዘው ወደ ጋቢናው ሄዱ። ለኢንስፔክተር ደወልኩ፣ «መጣን፣ አሥር ደቂቃ» አሉ። አሥር ደቂቃ! በተከፈተው የጋቢና በር አየሁ... አብዱረሂም በሆዱ ተኝቷል፣ መርፌው ከቦርሳው ወጥቷል። ፔርሙሱን እንደያዝኩ ሮጥኩ። «ፖሊስ!» ልል አስቤ ከአፌ የወጣው «ሻይ!» ነው። ወላሂ፣ «ሻይ!» ብዬ ጮህኩ! ጋሼ ሀይሉ ዞር ሲሉ እጃቸውን በፔርሙሱ መታሁት፣ መርፌው መሬት ወደቀ። ሲሚንቶ ጫኙ ደርሶ ጋሼን ያዘልኝ።
አብዱረሂም ሱሪውን እየታጠቀ፣ «ሻይ አላዘዝኩም እኮ!» አለ።
ኢንስፔክተር ደርሰው ባመጡት ካቴና ካሰርኳቸው በኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሰውየው በሕይወት አለ! ቆሞ ይጨቃጨቀኛል!

ግንቦት 7
ጋሼ ሀይሉ አመኑ። ለሌሎቹ ቫይታሚን፣ ለቦቴ ነጂዎቹ የከብት ማደንዘዣ።
«ወንድሜን የገጨው የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም» አሉ።
«ስለዚህ ያገኙትን ሁሉ?»
ሲወጡ ዞረው፣ «ሻይሽን የምወደው እውነቴን ነበር» አሉኝ።
ይሄ አላሳቀኝም።

ግንቦት 11
አጣዬ ሄድኩ፣ ያሕያ ቤት። አውቶቡሱ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። «ተጠርጣሪው በቁጥጥር ሥር ውሏል።» በኩራት ልለው!
ሚስቱ ከዲጃ በር ላይ ተቀበለችኝ። መርፌ መሆኑን ስነግራት ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።
«መርፌ ነው? ምግቡ አይደለም?»
«የምን ምግብ?»
«የቋጠርኩለት ጥብስ። ሙቀቱ አበላሽቶበት... እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ...»
ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ድስት አልነካችም፤ የምታበስለው እህቷ ሰሊማ ናት። የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።
«ምግቡ አይደለም። ወላሂ አይደለም።»
ሦስት ጊዜ አስማለችኝ። አለቀሰች። ከዚያ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች፣ ሰሊማም፣ እኔም... ለምን እንደምንስቅ ማንኛችንም አናውቅም። ከዲጃ ፊቷን ጠርጋ ተነሳች።
«ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም። ሰሊማ፣ ቢላዋው የት ነው?»
ሰሊማ ማንኪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።
ስበላ ኢንስፔክተር ደወሉ።
«ነገርሻቸው? ምን አሉ?»
አፌ ሞልቶ ነበር። ከዲጃ ደግሞ ከፊቴ ቁጭ ብላ እያንዳንዱን ጉርሻዬን ታያለች።
«በኋላ ልደውልልዎ፣ ኢንስፔክተር» አልኩ። «ጥብሱ ይቀዘቅዝብኛል።»