የጠመንጃው ማንገቻ

ጥቅምት 4
ከይርጋጨፌ እስከ ኢዲዶ እንደኔ ጠመንጃ አንግቶ ገደል የሚወጣ የለም! ... እሺ፣ ከሰፈራችን የለም። ጓደኛዬ ባርናባስ ሲቀር።
ከርከሮው ዛሬም የእማማ ሸዋአለም እንሰት ውስጥ ገብቶ ሥር ሥሩን ቆፍሮ ሄደ። ብቻቸውን ናቸው፤ ምግባቸው እንሰቱ ነው። "የቀረችውን ከጨረሰ ምን ልቅመስ?" አሉኝ። ቀበሌው ጠመንጃውን ለኔ ሰጠ። ለማን ሊሰጥ ነበር?

ጥቅምት 5
ከባርናባስ ጋር ወጣን። ማንገቻው ቀጭን የናይሎን ገመድ። ትከሻዬን ገዘገዘው። ዳገቱ ላይ ሾልኮ ክርኔ ላይ ወረደ፣ አፈሙዙ ወደ ባርናባስ ዞረ።
"ሰውዬ! ከርከሮው እኔ ነኝ እንዴ?"
"ጥርስህን አይቼ ተጠራጠርኩ።"
አልሳቀም። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጌ አነገትኩ። ብልሃት መስሎኝ... ቁልቁለቱ ላይ በቂጤ ሄድኩ። አፈሙዙ መሬት ተሰክቶ በጭቃ ተደፈነ። ከርከሮው የወጣው ያኔ! አነጣጠርኩ። ባርናባስ እጄን ያዘ። "ፊታችን ላይ ልታፈነዳው ነው?"
ከርከሮው አየት አደረገንና ሄደ። ቀስ ብሎ።

ጥቅምት 6
በእማማ ሸዋአለም ደጅ አለፍኩ። ሌላ እንሰት ተገንድሷል። ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን ይለቅማሉ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 7
ሚስቴ ቆንጅት ትከሻዬን በቅቤ እያሸች፣ "እኛ እንጨት ስንሸከም በአንድ ትከሻ ነው እንዴ?" አለች። ከእንሰት ቃጫ ስፋቱ መዳፍ የሚያህል ማንገቻ ጎነጎነችልኝ። ደረቴ ላይ አጋድማ አሰረችው። ጠመንጃው ጀርባዬ ላይ ልጥፍ አለ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ። ሁለት እጄ ነፃ!
"የሴት አሸካከም ነው። ይስቁብኛል።"
"እንግዲያው እንደ ወንድ ተንሸራተት።"


ጥቅምት 9
ባርናባስ ማንገቻዬን አይቶ ሳቀ። ዳገቱ መሃል ላይ ሳቁን ተወ፤ ትንፋሹ አልበቃውም። እኔ በሁለት እጄ የዛፍ ሥር እየያዝኩ ወጣሁ። ከርከሮው እንሰቱ ዳር ይቆፍራል። ጠመንጃውን ወደ ፊት ሳብኩ። አንድ ጥይት። ወደቀ።
ስንመለስ ባርናባስ ቀስ ብሎ፣ "ቆንጅት ለኔም ትጎነጉንልኛለች?"
ልለምንልህ አልኩት።

ጥቅምት 14
ከዚያ ወዲህ የተቆፈረ የለም። የቀረው እንሰት እንደቆመ ነው። ዛሬ እማማ ሸዋአለም ጋ ገባሁ። "ጀግና! እንዳንተ ያለ አልተወለደም!" ብለው አገላብጠው ሳሙኝ።
...
አልሳሙኝም። ቅጠል አንጥፈው እንሰት እየፋቁ ነበር። ቀናም አላሉ። "አማኑ፣ በጭቃ እግርህ ቆጮዬ ላይ ቆመሃል። ውረድልኝ" ነው ያሉት።
ወረድኩ። ሌላው የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው።