ፀሐይ በሁለቱ አለቶች መካከል

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 16 ቀን

ቁጡዋ ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው፣ ወንበር ሳቢና ተቀመጪ። ፎቶዬ ተሰቀለ! እናትሽ ያነሳችው ፎቶ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል ሆኖ ታትሞ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሠራሁበት ሆስፒታል፣ ራጅ ክፍሉ በር አጠገብ፣ ሰው ተራ በሚጠብቅበት ኮሪደር ተሰቅሏል። ሚስማሩን ሲመቱት ልቤም አብሮ ይመታ ነበር። ሳልነግርሽ ዐሥር ቀን መቆየቴ ራሱ ተአምር ነው። እሁድ ስትደውዪ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አንቺ በስልክ ስትቸኩዪ እኔ ነገሩን ከመሃል እጀምርና ይጠፋብኛል። ደግሞ የምነግርሽ እሱን ብቻ አይደለም። እና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ጡረታ እንደወጣሁ ቤቱ ምን ያህል ጭር እንዳለብኝ ነግሬሽ አላውቅም። ምን ብዬ ልንገርሽ? አንድ ቀን ቁም ሣጥንሽን ሳጸዳ ትተሽው የሄድሽውን ካሜራ አገኘሁት። አቧራውን ጠርጌ፣ ባትሪውን ሞልቼ፣ «እስቲ» ብዬ ከሰፈሩ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጣሁ። የራጅ ክፍል እንደምታውቂው መስኮት የለውም። ጠዋት ገብቼ ስወጣ መሽቷል። በዚያ ሁሉ ዓመት ፀሐይ ስትጠልቅ ያየሁባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያን ቀን ሰማዩ ሲቀላ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይኼ ሁሉ ትርኢት በየቀኑ ሲታይ እኔ የት ነበርኩ?

ማንሳቱን አነሳሁ፤ ያነሳሁት ሁሉ ግን ወይ ከሰል ወይ ወተት ሆነ። በሳምንቱ እዚያው ስታገል፣ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ከኋላዬ፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ብርሃኑን ፀሐይዋ ላይ ከለኩ መሬቱ ይጠቁርብዎታል። ከጎኗ ያለው ሰማይ ላይ ይለኩ» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«ምን ሲያነሱ?»

«አጥንት!»

ሰውዬው ኮፍያው እስኪወድቅ ሳቀ። እኔም ሳልወድ በግድ ሳቅሁ። እንዳለኝ ከጎኗ ለክቼ አነሳሁ። ምን ልበልሽ፣ ወርቅ ፈሰሰ!

ይህ ሰው ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነው። እኔ «ቀያሹ» እለዋለሁ፤ እሱ «ራጅ» ይለኛል። እዚህ አካባቢ ሳይለካው የቀረ ጉብታ የለም። በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ኮረብታ ላይ ሲያዩዋት፣ ፀሐይ የት ጋ እንደምትገባ በደብተር ጽፎ ይዟል። ሚስቱን ከቀበረ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹም እንደ አንቺ ሩቅ ናቸው።

ከሐይቁ ማዶ እንደ በር መቃን ቀጥ ብለው የቆሙ ሁለት አለቶች አሉ። ያሳየኝ እሱ ነው። «ፀሐይ በመካከላቸው የምትገባው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ሦስት ሦስት ቀን ብቻ ነው» ሲለኝ በቃ፣ ሌላ ሐሳብ ከጭንቅላቴ ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ሄድን፤ ደመና። በሁለተኛው ቀን የእሱ አሮጌ ፒካፕ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ እኛ ስንገፋ ፀሐይዋ ስቃብን ገባች። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ቀን፣ መኪናውን አስፋልት ዳር ትተን በእግራችን ወጣን። አንድ ሰዓት ተኩል! አዎ፣ በዚህ ጉልበቴ። አትጩኺብኝ። ቀስ እያልን ነው፤ እሱ የካሜራውን ማቆሚያ ተሸክሞ፣ እኔ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፌ።

ስንደርስ ሰማዩ አመድ መስሏል። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ፣ ምንም። ቀያሹ ሰዓቱን አይቶ፣ «ራጅ፣ የቀረን ዐሥር ደቂቃ ነው። እንመለስ፤ ሳይጨልም ካልወረድን ጉልበትሽን ትጎጂዋለሽ» አለኝ። «እርስዎ» መባባሉን ያኔ ትተነው ነበር።

«አንተ ሂድ፤ እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

አውቆኛል መሰለኝ አልተከራከረም። ጭቃ የነካውን እጁን ሊታጠብ ወደ ውሃው ዳር ወረደ። ይኼኔ! ለካስ ከደመናው ሥር አንዲት ጠባብ ክፍተት ነበረች። ፀሐይዋ ከደመናው ሆድ ወጥታ፣ ክብ ሆና፣ ቀልታ፣ በሁለቱ አለቶች መካከል ዱብ አለች። ሐይቁ ነደደ! በካሜራው ሳይ ቀያሹ ልክ ብርሃኑ መሃል ቆሟል፤ ፀሐይዋ መውጣቷን ሊነግረኝ እየተጣደፈ ሊመጣ ነው። ሳላስበው የሥራ ቦታ ድምፄ አመለጠኝ፦

«አትንቀሳቀስ! ትንፋሽ ያዝ!»

እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። ዐሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁት። ፀሐይዋ ገባች፣ እሱ ግን ጉንጩን ነፍቶ እዚያው እንደቆመ ነው። «ተንፍስ» ማለቱን ረስቼዋለሁ! ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ፎቶውን የድሮዋ አለቃዬ፣ ዶክተሯ፣ ስልኬ ላይ አይታ ነው «ይሄማ እዚህ መሰቀል አለበት» ያለችው። በተሰቀለበት ዕለት ቀያሹም ጫማውን ወልውሎ፣ ከረባት አስሮ መጣ። ክንዱ በጀሶ የታሰረ አንድ ታካሚ ፎቶውን ትክ ብሎ አይቶ፣ «መሃል ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ዶክተሯ እኔን አየች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሰዉ ሲበተን ቀያሹ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ልጽፍልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ። እኔም «ትንፋሽ ያዝ» አልኩት።

ዘጠኝ ቀን ያዘ። አንድም ቀን ነገሩን መልሶ አላነሳብኝም።

በእነዚያ ቀናት ጠቅልዬ አንቺ ጋ እንድመጣ የላክሽልኝን ፎርም አወጣሁት። ስሜን ጻፍኩ። የትውልድ ቀኔን ጻፍኩ። «የጋብቻ ሁኔታ» የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ መለስኩት። አትዘኚብኝ ልጄ፤ ብቻዬን መሆኔ ከንክኖሽ እንደላክሽው አውቃለሁ። ለጥየቃ ግን እመጣለሁ፤ እናንተ ጋ ፀሐይ እንዴት እንደምትገባ ሳላይማ አልቀርም! ካሜራዬን ይዤ ነው የምመጣው። ይቅርታ፣ ከእንግዲህ ያንቺ አይደለም።

አባትሽ እዚያው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው። አላወረድኩትም፣ አላወርደውምም። ቀያሹ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ኮፍያውን አውልቆ ለእሱ እጅ ይነሳል። ንገረኝ ሳልለው፣ በራሱ።

ትናንት የታንከሩ ኮረብታ ላይ ሆነን፣ «ተንፍስ» አልኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝልሽ። እሁድ ስንነጋገር ከኋላዬ «ጃኬትሽን ያዢ፣ ይበርዳል» የሚል የወንድ ድምፅ ሰምተሽ «ማነው?» ብትዪኝ፣ «ቴሌቪዥን ነው» አልኩሽ። በስልሳ አንድ ዓመቴ እንደ ኮረዳ ዋሸሁሽ። ቴሌቪዥኑ ከተበላሸ ወር አልፎታል።

ከዚህ ጋር ፎቶውን በትንሹ አሳትሜ ልኬልሻለሁ። ቀረብ አድርገሽ እዪው።

ፈጣሪ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከጭንቀት ይጠብቅልኝ። የያዝሽው ይባረክ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ። የፊታችን እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ሌላ ሰው ቢያነሳው አደራ እንዳትዘጊበት። ካንቺ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነው።

የምትወድሽ፣

እናትሽ